የልጄን ግራ ዓይን ላየችልኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ 8 ወር ጠብቄያለሁ። ለውጡን በዓይኔ ሳላይ ሰው ዘንድ ሂዱ ማለት ስላልፈለግሁ ነው።

ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት «ስታነብ መስመር ትስታለች፣ ትኩረት የላትም» ተባልኩ፤ እኔም ስቆጣት ከረምኩ። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ከዚያ አንድ መነጽር ቤት ወሰድኳት። አገጯን ማሽን ላይ አስደግፈው ወዲያው ቁጥር አወጡና ማይነስ መነጽር፣ ማለትም ሩቅ አጥርቶ ለማያይ ሰው የሚታዘዘውን፣ አደረጉላት። «ያዞረኛል» ብላ በ2 ቀኗ አወለቀችው።

ፒያሳ ወደምትሠራው ኦፕቶሜትሪስት (እይታ መርምራ መነጽር የምታዝዝ ባለሙያ) የላከችኝ ጎረቤቴ ናት፤ እሷንም እግዜር ይስጥልኝ። እግራቸው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን የዞረ «ኢ» ያሉበትን ሰሌዳ ልጄን ከ6 ሜትር አሳየቻትና አቅጣጫውን በጣቶቿ እንድትጠቁም አደረገች። ግራ ዓይኗ ሲሸፈን ልጄ እስከ ታችኛው መስመር ወረደች። ቀኙ ሲሸፈን ግን አንገቷን አጣማ በመሸፈኛው ጠርዝ ለማየት ታገለች፤ አልሆን ሲላት እጇን ገፍታ አለቀሰች። «እናቷ፣ ቀኝ ዓይኗ ነው የሁለቱንም ሥራ የሚሠራላት» አለችኝ።

ከዚያ ጠብታ አደረገችላት። የልጅ ዓይን ጡንቻው ስለሚኮማተር ጠብታው ሳያላላው የሚወጣ ቁጥር ሊያሳስት እንደሚችል አስረዳችኝ። ብሌኗ ሰፍቶ እስከ ማግስቱ ብርሃን እንደሚያስቸግራት ቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። የመነጽር ቁጥሯ ቀኙ ፕላስ 1፣ ግራው ፕላስ 4.50 ሆነ፤ ፕላስ ማለት የማይነስ ተቃራኒ ነው! ሁለቱ ዓይኖች እንዲህ ሲራራቁ አንጎል ብዥ ያለውን ይተወዋል፤ አምብሊዮፒያ ወይም ሰነፍ ዓይን የሚሉት ይኸው ነው። ከ7 ዓመት በፊት ሲደረስበት የተሻለ ይታከማል። ዓይኗ አልቀላ፣ አልተንሸዋረረ፣ በምን እናውቃለን? እሷስ በግራ ዓይኗ አጥርታ አይታ የማታውቅ ልጅ ምን ብላ ትነግረኛለች?

የዚያን ዕለት መነጽር ልትሸጥልኝ ትችል ነበር። እሷ ግን «የዓይኗን ውስጥ መጀመሪያ ሐኪም ይየው» ብላ ወረቀት ጽፋ ላከችኝ። ሌላ ችግር አለመኖሩ ሲረጋገጥ መነጽሩን አዘዘች። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ደህናውን ዓይን በቀን 2 ሰዓት በፕላስተር መሸፈን ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶ ብቻ ነበሩ። ደውዬ ብነግራት «ምስር አብራችሁ ልቀሙ፤ ከቅርብ የሚታይ ሥራ ይሁን» አለችኝ። ሰፌድ ይዘን ተቀመጥን፤ ልጄ ጠጠሩን ከምስሩ መለየት አቅቷት ሁሉንም በእጇ ትዳብስ ነበር።

እኔንም በዚያው መረመረችኝ። 43 ዓመቴ ነው፤ መርፌ ክር ማስገባት እያቃተኝ ድካም ነው ብዬ ትቼው ነበር። ከ40 በኋላ የሚመጣ ነው ብላ የማንበቢያ መነጽር አዘዘችልኝ።

ትናንት ክትትል ነበረን። 6/24 የነበረው፣ ማለትም ጤነኛ ዓይን ከ24 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ብቻ ያይ የነበረው ግራ ዓይኗ 6/9 ደርሷል። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ልጆችሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ። ልጃችሁ ቴሌቪዥን ተጠግቶ የሚያይ፣ አንገቱን የሚያጣምም፣ ዓይኑን የሚያጨነቁር ከሆነ፣ ምንም ባይልም እንኳ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ አስመርምሩ። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ አልፈለገችም፤ አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ጠብታው ጊዜ ስለሚወስድ ግማሽ ቀን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለልጁም ኮፍያ አትርሱ።