አሲድ ባትሪ ወይስ ሊቲየም? የደሴውና የኮምቦልቻው ቤት

መብራት መሄዱ ሲሰለቸን እኔ ደሴ፣ እህቴ ኮምቦልቻ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ) አስገባን። እኔ በአሲድ ባትሪ፣ እሷ በሊቲየም። ሁለቱም ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ናቸው። ወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ቤት ውስጥ ግን አይገናኙም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 12 ቮልት በ100 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት ግድም ይይዛል። አሲዱን ደጋግመው ከግማሽ በታች ካወረዱት ቶሎ ይሞታል። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ሲቀነስ የሚተርፈው 500 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የኔ ቤት አራት አምፖል፣ ዋይፋይ፣ ቲቪና ስልኮች አንድ ላይ 140 ዋት ይፈጃሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አለቀ። ሊቲየም ግን 90 በመቶው ቢራገፍም ቅር አይለውም። እህቴ ያንኑ ያህል ዕቃ ሰክታ ሰባት ሰዓት ታመሻለች።

ሰው ሁሉ ሱቅ ገብቶ «ስንት ሰዓት ይቆያል?» ይላል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ዛሬ ብገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው «በስንት ሰዓት ይሞላል?» ብዬ ነው። በፈረቃ ሰሞን መብራት አምስት ሰዓት ያህል ብቅ ብሎ ይሄዳል። አሲድ ባትሪ ለመሙላት ስምንት፣ አሥር ሰዓት ይፈልጋል፤ በተለይ መጨረሻው ላይ ይንቀረፈፋል። ሳይሞላ ከርሞ ሲከራርም ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ነገር ይጋገራል። የኔን የገደለው ይኸው ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰዓት እንኳ መያዝ አቃተው። ሊቲየም በ30 አምፒር ቻርጀር ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይሞላል፤ ግማሽ ላይ ቢቀርም አይጎዳም። ብቻ ኢንቨርተሩ ሊቲየም መሙላት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። ሁሉም አይችልም።

ሙቀትም አለ። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የአሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚባል የቆየ ስሌት አለ። ደሴ ብርዱ ያግዘናል። ኮምቦልቻ ላለ ሰው፣ ባቲና ከሚሴማ ሳይነሳ፣ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ታዲያ አሲዱን ማን ይግዛ? መብራት በሳምንት አንዴ፣ ለሰዓት ሁለት ሰዓት የሚሄድበት፣ ገንዘቡም ያጠረው። ሊቲየም ዋጋው ያስደነግጣላ። ባለ ውሃው አሲድ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አይገባም፤ ውሃውም በየጊዜው ይታያል። የመኪና ባትሪ ግን «ይሠራል» ቢሏችሁም ተዉት። የተሠራው ለሰከንዶች ሞተር ለማስነሳት ነው፣ ማታውን ሙሉ ለማብራት አይደለም።

ኢንቨርተሩ ላይ ብዙ አልልም፦ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን፣ ማለትም እንደ መደበኛው መብራት የተስተካከለ ኃይል የሚሰጠውን ውሰዱ። በርካሹ የፍሪጅ ሞተር ያጓራል፣ ይግላል። ፍሪጅም ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ከፍ ያለ ዋት ያለው ኢንቨርተር ያስፈልገዋል።

እናቴ ግን ሱቁ ውስጥ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ምጣድ ያነሳል?» ሻጩ ዓይኑን ሳያሽ «ያነሳል እናቴ» አላት። ምጣድ 3,500 ዋት ግድም ይስባል። የኛ ኢንቨርተር 1,000 ነው። ቅዳሜ ጠዋት መብራት እንደሄደ ሰካችው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለና ቤቱ ጨለመ። ሊጡን ከደነችና እንጨት ልትፈልግ ወጣች።