የሶላር ሰርተፊኬት፦ ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፤ የቱ ምን ያህል ይከፍላል?

ኢስተርን አቬኑ ዲሲን ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚለይ ድንበር ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ጣሪያቸው ላይ እኩል ሶላር ያላቸው ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። ፀሐይዋ አንድ ናት። የመብራት ቢሉም ለሁለቱም ከፔፕኮ ነው የሚመጣው። የዲሲው ባለቤት ግን ከሰርተፊኬት ሽያጭ ብቻ የማዶውን ጎረቤቱን ብዙ እጥፍ ያገኛል።

ሰርተፊኬቱን ሰዉ "ኤስሬክ" ይለዋል። ፓኔሎቹ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ባመነጩ ቁጥር አንድ ይቆጠርላችኋል። ከቢል ቅናሹ ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ መብራቱን ራሳችሁ ብትጠቀሙበትም ሰርተፊኬቱ አይቀርባችሁም። ገዢዎቹ ኤሌክትሪክ አቅራቢዎች ናቸው። ከሚሸጡት ላይ የተወሰነው ከሶላር እንዲሆን ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ካላሟሉ ይቀጣሉ። ከቅጣቱ አስበልጦ የሚገዛ ስለሌለ ዋጋው ከዚያ አያልፍም።

እንግዲህ ቅጣቱን እንይ። በ2025 ዲሲ ውስጥ ለአንድ ሰርተፊኬት 460 ዶላር ነበር፤ ሜሪላንድ ውስጥ 55። ቨርጂኒያ ለትንንሽ ሶላሮች 75 ላይ ጀምራ ከ2021 በኋላ በየዓመቱ 1 በመቶ ትጨምራለች። ዲሲ ውድ የሆነው ቦታ ስለሌለው ነው። ጣሪያው ጥቂት ነው፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ሰርተፊኬት አይቀበልም ማለት ይቻላል።

6 ኪሎዋት ሶላር እዚህ አካባቢ በዓመት 7 ገደማ ሰርተፊኬት ያወጣል። በ2025 ቅጣት ስናሰላው ዲሲ ቢበዛ 3,220 ዶላር ነው፤ ሜሪላንድ 385። ትክክለኛው ሽያጭ ከዚህ ያንሳል፤ ደላላውም ኮሚሽኑን ይወስዳል። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2024 ወዲህ ለሚተከሉ፣ ከ20 ኪሎዋት ለማይበልጡ ሶላሮች አንዱን ሰርተፊኬት እንደ አንድ ተኩል የሚያስቆጥር ሕግ አውጥታለች። እስከ 2027 መጨረሻ ለሚተከሉት ይሠራል። ጥሩ ነው፤ ግን ዲሲን አያስንቅም።

አሸጣጡስ? በየጊዜው በገበያ ዋጋ መሸጥ ይቻላል፤ ሲወጣ ታተርፋላችሁ፣ ሲወርድ ትጎዳላችሁ። ለ3 ወይም ለ5 ዓመት በቁርጥ ዋጋ መዋዋልም አለ። ሦስተኛው የብዙ ዓመቱን ጠቅልሎ ሸጦ ገንዘቡን አሁኑኑ መቀበል ነው። ሜሪላንድ ብሆን ይኼን ሦስተኛውን በደንብ አስብበት ነበር፤ ለዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ማን ከደላላ ጋር ይነታረካል? ዲሲ ከሆነ ግን ጠቅልሎ መሸጥ ልቤ አይፈቅድም። የዲሲ ቅጣት በየዓመቱ በ20 ዶላር ስለሚወርድ፣ በተለይ የሶላሩ ብድር ላለበት ሰው የ5 ዓመቱ ቁርጥ ይሻላል።

ይኼ ሁሉ ግን ፓኔሉ የናንተ ሲሆን ነው። በሊዝ ያስገባ ሰው ሰርተፊኬቱ ብዙውን ጊዜ የኩባንያው ነው። አንድ ዘመዴ "ነፃ ሶላር" ተብሎ ፈረመ። ውሉን ስናነበው ቃሉ ጭራሽ "ሰርተፊኬት" አይልም፤ "የአካባቢ ጥቅሞች ሁሉ የኩባንያው ናቸው" ይላል። ቤቱ ዲሲ ነው፤ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። ራሱ ለሚገዛ ሰው ይሰጥ የነበረው 30 በመቶ የፌዴራል ታክስ ቅናሽ በ2025 መጨረሻ ስላበቃ፣ ሊዝ ይዞ በር የሚያንኳኳው ሻጭ በዝቷል።

ሊዝ ክፉ ነው አልልም። ቢላችሁን በደንብ የሚቀንስ ከሆነና የምታወጡት ሳንቲም ከሌለ ያዋጣ ይሆናል። ሻጩ ታብሌቱን ጠረጴዛችሁ ላይ ሲዘረጋ ግን ስለ ፓኔሉ ብራንድ ከማውራታችሁ በፊት "ኤስሬኩ የማን ነው?" በሉት። የናንተ ነው ካለ፣ ውሉ ላይ የትኛው ገጽ ላይ እንደተጻፈ ያሳያችሁ።