ኤቴም ሚኒ ፕሮ፦ ስብሰባ ላይ ቆንጆ፣ አምልኮ ላይ ግን አንድ ፖርት ይጎድለዋል

ብላክማጂክ ይህን ስዊቸር (የብዙ ካሜራ ምስል የሚቀያይር ዕቃ) ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም መሥሪያ ቤቱም በአንዴ ላይቭ ፈላጊ በሆኑበት ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ስንት ዕቃ መጥቷል፣ እኔ ግን ዛሬም ይዤው እወጣለሁ። በሥራ ቀን የኩባንያ ስብሰባ፣ እሁድ ደግሞ አምልኮ እሠራበታለሁ። በሁለቱ ቦታ ጠባዩ አንድ አይደለም።

መጀመሪያ የወደድኩለትን ልናገር። አራት የኤችዲኤምአይ መግቢያ አለው፣ አንዱ ካሜራ 1080 ሌላው 720 ቢልክም ራሱ አስተካክሎ ይቀበላል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ካሜራ ከየሰዉ ለቃቅሞ ለሚሠራ የሚዲያ ክፍል ግማሹ ራስ ምታት እዚህ ጋ ያልቃል። ስትሪሙን ያለ ኮምፒውተር በኔትወርክ ገመድ ይልካል። ዲስክ ከሰካችሁበት ይቀርጻል፣ ላፕቶፕ ላይ ከሰካችሁት ደግሞ እንደ ዌብካም ይታያል። ግን የዩኤስቢ ፖርቱ አንድ ስለሆነ ወይ ዲስኩ ነው ወይ ዌብካሙ። ድርጅቶች ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋሉ፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ለበጎ ፈቃደኛ ለማስተማርም አያስቸግርም። ቁልፉን ስትጫኑት ወዲያው ይቀየራል። ፕሪቪው (ቀጥሎ የሚወጣውን ምስል) አይቶ መላክ ለለመደ ሰው ከሶፍትዌሩ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል።

ጣጣው መውጫው ላይ ነው። የኤችዲኤምአይ መውጫው አንድ ብቻ! ስብሰባ ላይ ችግር የለም፣ ማልቲቪውን (ሁሉም ካሜራ ባንድ ስክሪን ተከፋፍሎ የሚታይበትን) እሱ ላይ ታያላችሁ፣ ስትሪሙ በኔትወርክ ይሄዳል። አዳራሽ ውስጥ ግን ምእመኑ የመዝሙሩን ግጥም ስክሪን ላይ ይፈልጋል፣ የሚቀይረው ልጅ ደግሞ ሁሉንም ካሜራ ማየት አለበት። መውጫውን ለስክሪኑ ከሰጣችሁት ልጁ በጭፍን ነው የሚቀይረው። እኔ የማደርገው የግጥሙን ላፕቶፕ በስፕሊተር (አንዱን ምስል ለሁለት በሚያካፍል ዕቃ) ከፍዬ አንዱን ቀጥታ ወደ ፕሮጀክተሩ፣ ሌላውን ወደ ስዊቸሩ መላክ ነው። ሰባኪው ራሱ በአዳራሹ ስክሪን ላይ ይታይልን ካሏችሁ ግን ይህም አያወጣም። እንደዚያ ከሆነ ከመጀመሪያው ኤቴም ሚኒ ኤክስትሪምን ግዙ፤ ስምንት መግቢያና ሁለት መውጫ አለው።

ድምፁስ? ሁለት ትንንሽ የ3.5 ሚሊሜትር መግቢያ ብቻ ነው ያለው፣ ኤክስኤልአር (የባለሙያ ማይክ መሰኪያ) የለም። ከዚያ የባሰው ግን የስዊቸሩ ጥፋት አይደለም፦ ብዙ ቤተ ክርስቲያን ለአዳራሹ የተሠራውን ሚክስ እንዳለ ወደ ላይቭ ይልካል። አዳራሽ ውስጥ ድራሙ በራሱ ስለሚጮህ ሳውንድ ማኑ በስፒከር ብዙም አያወጣውም፣ እናም ቤቱ ሆኖ የሚያየው ሰው ዘማሪዋን ብቻዋን ይሰማል፣ ድራሙ ከሩቅ ጎረቤት የሚመጣ ይመስላል። ከሚክሰሩ ላይ ለላይቭ የተለየ አውክስ (ድምፁ ለብቻው የሚመጠንበት መውጫ) አስከፍቱ፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚከታተለው ሰውም መድቡ። ድምፁ ከከንፈር ከቀደመ ስዊቸሩ ውስጥ ማዘግየት ይቻላል።

ሁለት ነገር ልጨምር። የቅጂ ጥበቃ ያለበት ምስል አይቀበልም፣ ስለዚህ በኩባንያ ዝግጅት ላይ ከላፕቶፕ የሚጫወቱትን ቪዲዮ ሁሉ ቀድማችሁ ሞክሩ። ሌላው ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያም ባትሪም የለውም፣ ኃይል ብልጭ ካለ ላይቩም አብሮ ይቋረጣል። ዩፒኤስ (ኃይል ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ሰኩት።