ሜዶክ ወይስ ሳንት ኤሚልዮን?

ሁለቱም በፈረንሳይ የቦርዶ አካባቢ ቀይ ወይን ናቸው። ሜዶክ ዢሮንድ ከተባለው የወንዝ አፍ በስተግራ፣ ሳንት ኤሚልዮን ከዶርዶኝ ወንዝ በስተቀኝ ይገኛሉ።

የሜዶክ ምርጥ መሬት ጠጠር ነው። ጠጠር ውሃ አያቁርም፤ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው የወይን ዘር የሚወደው ይህንኑ ነው። ወይኑ ገና ልጅ እያለ ኮስታራ ነው፤ ታኒኑ፣ ማለትም ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው ጠጣር ጣዕም፣ እንደ ወፍራም ሻይ አፍ ያደርቃል። ጥሩ ዓመት የተመረተው 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ቢቀመጥ ይለዝባል፣ የዝግባና የትምባሆ ሽታም ያመጣል። ከበግ ጥብስ ጋር ሲቀርብማ ሌላ ነው! ስቡ ታኒኑን ያለሰልሰዋል። በሜዶክ ያለችው የፖያክ ከተማ በበጓም ስመ ጥር ናት።

ሳንት ኤሚልዮን ሸክላና የኖራ ድንጋይ ነው፤ ወይኑም በአብዛኛው ሜርሎ ከተባለው፣ ቀድሞ ከሚበስለው ዘር ነው። ፕሪም ፕሪም ይላል፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ከዳክዬና ከእንጉዳይ ጋር ይስማማል። የዝዋይን ሜርሎ የቀመሰ ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለዋል።

እኔ ለዛሬ ማታ ከሆነ ሳንት ኤሚልዮንን እከፍታለሁ። በግ ካለ ግን ሜዶክ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ላይ ሁለቱንም ባታወጡ ይሻላል፤ ታኒንና አልኮሉ ቃጠሎውን ያብሱታል።