ሐዋሳ፦ የልጆች «የቁርጥማት ፓኬጅ» የደም ምርመራ ያዋጣል?

ሐዋሳ መሃል ከተማ ያለ አንድ የግል ላቦራቶሪ መገጣጠሚያቸው ላበጠ ልጆች የሚሸጠው ፓኬጅ አራት ምርመራ አለው፦ ኢኤስአር (ቀይ የደም ሕዋስ በቱቦ ውስጥ የሚዘቅጥበት ፍጥነት፤ ብግነት መኖሩን ይጠቁማል) እና ሦስት አንቲቦዲዎች፣ ማለትም የራስን አካል የሚያጠቁ የመከላከያ ፕሮቲኖች፦ ሩማቶይድ ፋክተር (በቁርጥማት ሕመም የሚፈለገው)፣ ኤኤንኤ (የሕዋስን አስኳል የሚያነጣጥረው) እና አንካ (ኒውትሮፊል የተባለውን ነጭ የደም ሕዋስ የሚያነጣጥረው፣ ከደም ሥር ብግነት ጋር የሚያያዘው)።

አቀዳዳቸው ይመሰገናል። በቢራቢሮ መርፌ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ይወስዳሉ፣ ልጁንም እናቱ አቅፋ ትይዘዋለች። ኤኤንኤና አንካ የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ ደሙ 30 ደቂቃ ያህል ረግቶ፣ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ፣ ሴረሙ (ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ) ተለይቶ በበረዶ ሣጥን ይጫናል። ሳይለይ ወደ 275 ኪሎ ሜትር በሙቀት ቢጓዝ ቀይ ሕዋሱ ፈርሶ ናሙናው ሊበላሽ፣ ልጁም ዳግም ሊወጋ ይችላል። የኢኤስአር ቱቦ ግን የሚቆመው ሴንትሪፊዩጁ ካለበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ንዝረት ንባቡን ያዛባል፤ ቱቦው ትንሽ ካዘመመ ደግሞ ቁጥሩ ያለቦታው ከፍ ይላል።

ትልቁ ችግር የውጤት ወረቀቱ ነው። ኤኤንኤ «ፖዘቲቭ» ተብሎ ብቻ ይመጣል። ምርመራው ሴረሙን እያቀጠኑ በማይክሮስኮፕ ሥር ማብራቱን ማየት ነው፤ ታዲያ ስንት ጊዜ ቀጥኖ ነው ያበራው? 1:80 ጤነኛ ልጅ ላይም ይገኛል፤ 1:640 ሌላ ጉዳይ ነው። የአበራሩ ዓይነትም አልተጻፈም። አንካው ላይ ይብሳል፦ ኤኤንኤ ያለበት ሴረም በኤታኖል በተዘጋጀ ኒውትሮፊል ላይ ሲታይ ፒ-አንካን (አንዱን የአንካ ዓይነት) ይመስላል። ሁለቱም «ፖዘቲቭ» ከሆኑ ወላጅ ልጄ የደም ሥር ብግነት ያዘው ብሎ ይደነግጣል። በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያስቀድመው ፒአር3 እና ኤምፒኦ በተባሉት የኒውትሮፊል ፕሮቲኖች ላይ ያነጣጠሩትን ሁለት አንቲቦዲዎች በቀጥታ መለካትን ነው፤ ሁለቱ ካልተካተቱ ለአንካው አለመክፈል ይሻላል።

ሩማቶይድ ፋክተር ስሙ ስለሚማርክ የገባ ይመስላል። አብዛኞቹ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ልጆች ኔጌቲቭ ናቸው፤ ቲቢና የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ደግሞ ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የሚገርመው ርካሹ የሽንት ምርመራ አለመካተቱ ነው። እግሩ ላይ ሲዳሰስ ጎላ ያለ ሐምራዊ ነጠብጣብ የወጣበትና ሆዱን የሚቆርጠው ልጅ አይጂኤ የደም ሥር ብግነት (አይጂኤ የተባለው አንቲቦዲ በትንንሽ ደም ሥሮች ላይ ተከማችቶ የሚያመጣው) ሊኖርበት ይችላል። ያንን የሚያረጋግጥ አንቲቦዲ የለም፤ ኩላሊቱ እንዳይጎዳ ሽንቱ ለደምና ለፕሮቲን፣ የደም ግፊቱም ጭምር ቢያንስ ለ6 ወር መታየት አለበት። 5 ቀን ትኩሳት፣ የቀላ ዐይንና የተሰነጣጠቀ ከንፈር ያለው ሕፃን ግን ካዋሳኪ (የልብን ደም ሥር ሊጎዳ የሚችል የልጆች የደም ሥር ብግነት) ሊሆን ስለሚችል ጨርሶ ይህን ውጤት አይጠብቅ፤ ኢሙኖግሎቡሊን (በደም ሥር የሚሰጥ የአንቲቦዲ መድኃኒት) ከ10ኛው ቀን በፊት ቢሰጠው ነው የሚመረጠው።

የመገጣጠሚያ ብግነቱ በሐኪም የተረጋገጠና ኤኤንኤው በእርግጥ ፖዘቲቭ የሆነ ትንሽ ልጅ ዐይኑ ሳይቀላና ሳያመው ውስጡ ሊቆጣ ይችላል። በየ3 ወሩ በስሊት ላምፕ (የዐይንን ውስጥ አጉልቶ በሚያሳይ የዐይን ሐኪም መሣሪያ) መታየት አለበት፤ ወረቀቱ ላይ ይህን የሚል አንድ መስመር እንኳ የለም።