ገጸ ባሕሪህ ምን ይንዳ? ሮድ ራነር፣ ቻርጀር ወይስ ማስታንግ

ባለፉት ሁለት ዓመታት አራት ሰው ያንኑ ጥያቄ ይዞ ደውሎልኛል። ሁለቱ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ናቸው፣ አንዷ የፊልም ድርሰት የምትሞክር እህት ናት፣ አራተኛው ፊልም ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ታሪኩ አሜሪካ ነው፣ በ60ዎቹ መጨረሻ። ገጸ ባሕሪዬ መስል ካር ይነዳል። የትኛውን ልስጠው?" ይሉኛል። አፌን ሳልከፍት ደግሞ መልሱን ራሳቸው ይነግሩኛል፦ "ጥቁር ቻርጀርስ?"

ሁሌም ጥቁር ቻርጀር። (መስል ካር የሚሉት ተራ አካል ላይ ትልቅ ሞተር የተጫነበትን የአሜሪካ መኪና ነው።) ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፤ "60ዎቹ" ስል የእኛን አብዮት የሚያስታውስ እንዳይኖር።)

እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ መካኒክ ነኝ። 19 ዓመት መኪና ስፈታ ስገጥም ኖሬያለሁ፤ ድርሰት ግን አልጽፍም። ስለዚህ የገጸ ባሕሪውን ነፍስ አልጠይቅም፣ የምጠይቀው ደሞዙን ነው። ሰውዬው በሰዓት ስንት ያገኛል?

አዲስ አበባ ላይ የሚጽፍ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ጡረታ የወጣ መምህር ቮልስ ይነዳል፤ "ቪ8" ከተባለ ደግሞ ባለሥልጣን የተቀመጠበት ላንድክሩዘር መሆኑን ሕፃን ልጅም ይነግርሃል። ታሪኩ አሜሪካ ሲሻገር ግን ያው ጸሐፊ ለጎማ ሠራተኛ ከዓመት ደሞዙ አብዛኛውን የሚበላ መኪና ያለ ምንም ሐሳብ ያድለዋል። በ1968 አሜሪካ ውስጥ ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ያለውን መኪና፣ የጎማ ሠራተኛም የጎማ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅም ይነዳ ነበር። ሰውን ከሰው የሚለየው የትኛው ቪ8 የሚለው ነው።

የፊልም ተማሪውን ልጅ ገጸ ባሕሪ ልውሰድ። 24 ዓመቱ ነው፤ በሚያዝያ 1968 ከቬትናም ተመልሶ ቶሌዶ፣ ኦሃዮ ውስጥ ጎማ ቤት ተቀጥሯል። የዚያን ጊዜ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 1.60 ዶላር ነበር። ለልጁ እናዳላና 2 ዶላር እንስጠው።

ዶጅ ቻርጀር አር/ቲ (ትልቅ ሞተር ያለው የቻርጀር ዓይነት) አዲሱ ወደ 3,500 ዶላር ነበር፤ ግብርና ቤት ኪራይ ሳይነካ 1,750 የሥራ ሰዓት ማለት ነው። ፕሊመዝ ሮድ ራነር 2,896 ዶላር ነበር፤ 1,448 ሰዓት። በመካከላቸው ያለው ከሰባት ሳምንት በላይ ጎማ መንቀል ነው። "ሄሚ ሞተር ይኑረዋ!" ላሉኝ ደግሞ፦ ሄሚ፣ የክራይስለር ጉልበተኛው ሞተር፣ በሮድ ራነር ላይ 714 ዶላር ያስጨምር ነበር። ሌላ ዘጠኝ ሳምንት። በዚያ ላይ ኢንሹራንሱ አለ፤ ከ25 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ወንድ እንዲህ ያለ ሞተር ይዞ ሲመጣ ክፍያውን ይሰቅሉበት ነበር። እኔ ሄሚ የያዘ የጎማ ሠራተኛ ካነበብኩ ወይ ሰርቋል ወይ ሀብታም አጎት ሞቶለታል እላለሁ። ታሪክህ እሱ ከሆነ ደግ፣ ቀጥል።

የእኔ ምርጫ የ1968 ሮድ ራነር ነው፣ አልደብቅም። ግን አስቀድሜ ቻርጀሩን ላውራው፤ አንጀቴን አቃጥሎታልና።

በ2014 ሌላ ስቴት ያለ ሻጭ "የ1969 ቻርጀር አር/ቲ፣ 440 ሞተር" ብሎ ፎቶ ላከልኝ። (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን ነው፣ በኩቢክ ኢንች።) 46,000 ዶላር። የሰውን መኪና ሳይመረምር የማይገዛው ጉረኛው መካኒክ በፎቶ ገዛሁ። በተሳቢ ሲመጣ ቀለሙ ፊት ያሳያል፤ ሊብሬውን ገልብጬ ያየሁት ስሜ በትክክል መጻፉን ብቻ ነው። ሦስት ወር ቆይቶ አንድ አዛውንት ደንበኛዬ ጋራዥ መጡና፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከልለው በፊት መስታወቱ በኩል ክሩስኮቱ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር አነበቡ። ቀና ብለው "ማን ነው ይሄን አር/ቲ ነው ያለህ?" አሉኝ።

ቁጥሩ የሚጀምረው ኤክስ ፒ 29 ብሎ ነው፤ አር/ቲ ቢሆን ኤክስ ኤስ 29 ነበር የሚለው። አምስተኛው ፊደል ደግሞ ኤፍ። ይህ ማለት ከፋብሪካ የወጣው በ318፣ አባወራ ልጆቹን ትምህርት ቤት በሚያደርስበት ሞተር ነው። 440ው ከሌላ መኪና ተነቅሎ የገባ፣ አርማው ተገዝቶ የተለጠፈ። ነገሩን ማንም አልደበቀኝም፤ ሊብሬው ላይ በጉልህ ተጽፎ ነበር።

በዚያው ንዴት ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ አካሉን ዞርኩት። ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ማግኔቱ አይይዝም፣ ተንሸራቶ ይወድቃል። ስቱኮ ነው። ቻርጀር ከኋላ መስታወቱ ዙሪያ ውሃ ያቁራል፤ ውሃው በጠርዙ ሰርጎ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይወርዳል፣ ዓመት ከዓመት። ምንጣፉን ስገልጠው ወለሉ እንደ ጥሩ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ላሜራው ብቻ 11,000 ዶላር በላኝ። ገዝቼ ያስገጠምኩት ቅጂ ፓራፋንጎ ከሣጥኑ ሲወጣ ያምር ነበር፤ ሲገጠም ግን ከበሩ ጋር ያለው ክፍተት ከላይ ጣት ያስገባል፣ ከታች ወረቀት አያስገባም። ላሜራ ሠራተኛው ሁለት ቀን ሙሉ ሲቀጠቅጠው ዋለ፣ በሰዓት እየታሰበ። መጨረሻ ላይ ፎርጅድ መሆኑን በጽሑፍ አስፍሬ በ31,000 ሸጥኩት። ባለቤቴ እስካሁን ጥቁር ቻርጀር በቴሌቪዥን ባለፈ ቁጥር ድምፁን ከፍ ታደርግልኛለች።

ለገጸ ባሕሪ ስናመጣው፣ ቻርጀር ገንዘብ ላለውና መታየት ለሚወድ ሰው ነው። በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ዳገቶች ላይ በተቀረጸው የ«ቡሊት» ፊልም ዝነኛ ማሳደድ ጥቁሩን ቻርጀር የሚነዱት ቅጥር ነፍሰ ገዳዮቹ ነበሩ፤ ሁላችሁም ሳታውቁት የምትጠይቁኝ እሱን ነው። አንድ ነገር ግን አልነፍገውም። የፊት መብራቶቹ ክዳን የሚነሳው በቫኪዩም ነው። ቱቦው ሲያረጅ አንዱ ተከፍቶ ሌላው ተከድኖ ይቀራል፣ መኪናው ይጠቅስሃል። ሰው ሊያስፈራራ የመጣ ጉልቤ እንዲህ ባለ መኪና ሲደርስ አስቡት። ዓመቱንም ተጠንቀቁ፦ የ1968ቱ የኋላ መብራት ክብ ክብ ነው፣ የ1969ኙ ረጅም። ታሪኩ ሐምሌ 1968 ሆኖ ረጅሙን መብራት ካሳያችሁ፣ ከእኔ ጋር ጋራዥ የሚውሉት ሽማግሌዎች ቀሪውን ፊልም አያዩላችሁም።

ማስታንግ ላይ ብዙ አልቆይም። መለዋወጫው ርካሽ ነው፣ ሙሉ አካሉ ሳይቀር ዛሬ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል፣ ለገዢ ደግ መኪና ነው። ለገጸ ባሕሪ ግን ያለቀ ነው። ያን ጥቁር ቻርጀር የገጠመው አረንጓዴ ማስታንግ በጥር 2020 በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል፤ ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ማስታንግ የያዘ ሁሉ ኮራጅ ይመስላል። ይልቅ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ማስታንግ ባንክ ቤት ለምትሠራ ወጣት ልክ ነው፤ በ1968 ከ2,600 ዶላር ይነሳ ነበር፣ በብዛት የተሸጠውም የዋህ የዋሁ እንጂ ፖስተር ላይ ያለው አይደለም። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ዝጎ ይበሳል፣ ዝናብ ሲመጣ ጫማ ውስጥ ይንጠባጠባል። እርጥብ ካልሲ ከሞተር ጉልበት ይልቅ ስለ ሰው ያወራል።

ሌላው ተቀናቃኝ፣ ሸቭሮሌ ሼቬል ኤስኤስ 396 (ኤስኤስ የሼቬል ፈጣኑ ዓይነት ነው)፣ በ1968 ዋጋው 2,899 ዶላር ነበር። ከሮድ ራነር በ3 ዶላር ይበልጣል፣ አዎ፣ በሦስት ዶላር። ግን ሮድ ራነር ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ በዚያው ዋጋ ሲሰጥ፣ ሼቬል ሦስት ማርሽ ሰጥቶ ለአራተኛው ጭማሪ ይጠይቃል። ለመግዛት የምታስቡ እስከ 1968 ያለውን ብቻ እዩ፤ የሻንሲ ቁጥሩ በ138 ከጀመረ እውነተኛ ኤስኤስ ነው። ከ1969 ጀምሮ ኤስኤስ በተጨማሪ ክፍያ የሚታዘዝ ጥቅል ስለሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም። የፎርጅድ ገነት ማለት እሱ ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ልምጣ። ፕሊመዞች ያሰቡት ቀላል ነበር፦ ልጆቹ የሚፈልጉት ሞተር ነው፣ ሌላውን ቀንሱላቸው። ወለሉ ምንጣፍ የለውም፣ የጎማ ንጣፍ ነው። የፊት መቀመጫው እንደ ጫኝ መኪና ወጥ አግዳሚ ነው። የኋላ መስኮቱ አይወርድም፣ በማጠፊያው ወደ ውጭ ገርበብ ይላል እንጂ። እንዲህ ቆንቁነው ሲያበቁ ለዋርነር ብራዘርስ 50,000 ዶላር ከፍለው የካርቱኗን ወፍ ስምና ሥዕል ወሰዱ፤ ክላክሱንም "ቢፕ ቢፕ" እንዲል አድርገው አሠሩት። ከጦርነት የተመለሰ፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ፣ መንገድ ሲዘጋበት እንደ ካርቱን የሚጮህ ክላክስ ይጫናል። ይህን ለጸሐፊ ማስረዳት የእኔ ሥራ አይደለም።

ለትዕይንት የሚሆን ብልሽት ከፈለጋችሁም ሞልቶታል (ፕሊመዝም ዶጅም የክራይስለር ልጆች ስለሆኑ ቻርጀሩም እነዚህን ይጋራል)። የመጀመሪያው ባላስት ሬዚስተር ነው፣ ለሞተሩ ማቀጣጠያ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥን ዕቃ። ሞተሩና የሰው መቀመጫው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ በአንድ ቡሎን የተያዘ፣ ከአውራ ጣት ትንሽ የሚረዝም ነጭ ሸክላ። ሲቃጠል ጉዱ ልዩ ነው፦ ቁልፉን ስታዞር ሞተሪኖው ያላዝናል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ደስ ይልሃል፤ ቁልፉን ስትለቀው ቀጥ። እንደገና ታዞራለህ፣ ይነሳል፤ ትለቃለህ፣ ቀጥ። ባትሪው እስኪሞት እንዲህ ያጫውትሃል። የሚያውቅ ሰው ክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ ትርፍ ይይዛል፤ ዋጋው ዛሬም ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ገጸ ባሕሪያችሁ የሚያውቅ ነው ወይስ የማያውቅ?

ሁለተኛው የጎማው ነው። ክራይስለር እስከ 1970 ድረስ በሹፌሩ በኩል ያሉትን የጎማ ዳዶዎች ጥርስ ግልባጭ ነበር የሚያወጣው። የቀኙ እንደ ማንኛውም ዳዶ ይፈታል፤ የግራውን ግን ለመፍታት ማጥበቂያ በምናውቀው በኩል ማዞር ነው። ቡሎኑ ጫፍ ላይ ትንሽ ምልክት አለች፣ በጨለማ ማንም አያያትም። መኪናውን የሰረቀ ሰው ጎማ ሲፈነዳበት ይህን ካላወቀ፣ ቡሎኑን ይሰብረዋል እንጂ ጎማውን አይነቅልም። የጎማ ቤት ሠራተኛ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል።

ለቀረጻ ለምትገዙ የዛሬውን ዋጋ ልንገራችሁ፣ እኔ በቅርቡ ሲሸጥ እንዳየሁት። ንጹሕ ሮድ ራነር 383 ሞተሩን እንደያዘ ከ40,000 እስከ 60,000 ዶላር ይጠየቅበታል። እውነተኛ ቻርጀር አር/ቲ ደህናው ከ80,000 በታች ከተባላችሁ የእኔን ሻጭ አግኝታችኋል። ስለዚህ ምክሬ ሁለቱንም አትግዙ ነው። ያው የ1968 አካል ያለው ፕሊመዝ ሳተላይት በ318 ሞተር 20,000ዎቹ ውስጥ ይገኛል። አርማውንና ክላክሱን ግዙና ግጠሙ፤ ካሜራ የሻንሲ ቁጥር አያነብም፣ ድምፁም ኤዲቲንግ ላይ ይተካል። ስትሸጡት ግን ሳተላይት ነው ብላችሁ ሽጡ፣ እባካችሁ። ቁጥሩ አር ኤች ብሎ ከጀመረ ሳተላይት ነው፣ አር ኤም ካለ ሮድ ራነር። ቀረጻው የሁለት ቀን ከሆነ ግን ተከራዩ፣ ምንም መግዛት አያስፈልግም።

የፊልም ተማሪው ልጅ እቁብ ደርሶት ነበርና ባለፈው ወር ፔንስልቬንያ ሄዶ ሳተላይት ሊያይ ነው አለኝ። ማግኔት አስያዝኩት፣ ቁጥሩን ከነፊደሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፣ "ምንጣፍ ሳትገልጥ ገንዘብ እንዳትቆጥር" አልኩት። 21,500 ብለውት በ19,800 ተስማማ፤ ወለሉ ደረቅ፣ ማግኔቱ በየቦታው ልጥፍ ይላል። በማግስቱ ከመንገድ ደወለ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ጋሼ፣ ጎማ ተንፍሶብኝ በክሪክ አንስቻት ነበር፤ ዳዶው አልፈታ አለኝ። በእግሬ ቆሜበት ሁሉ እምቢ አለ።"

"በየትኛው በኩል ያለው ጎማ ነው?" አልኩት።

ዝም አለ።