የጡንቻ ናሙናችንና የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አገልግሎቱ

ባሕር ዳር ካለው ቤተ ሙከራችን የአይጥ የኋላ እግር ጡንቻ ናሙና ከአገር ውጭ ወደሚገኝ አንድ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አገልግሎት ሁለት ጊዜ ልከናል። ፍላጎታችን ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን በሕዋሱ ሽፋን ላይ የት የት እንደተቀመጠ በወርቅ ቅንጣት ምልክትነት ማየት ነበር፤ ይህ ፕሮቲን ከሽፋኑ በስተውስጥ ሆኖ የአክቲን ክሮችን ከሽፋኑ ጋር የሚያስተሳስር ሲሆን፣ ሲጠፋ የዱሼን የጡንቻ መመንመን በሽታ ይከተላል።

የመጀመሪያው ዙር ምስሎች ለዓይን ያምራሉ። ማይቶኮንድሪያውም ሽፋኑም ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ የወርቅ ቅንጣት ግን አንድም የለም። ናሙናውን ያቆየነው በአገልግሎቱ መደበኛ መመሪያ መሠረት በ2.5 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ ነበር። ይህ ኬሚካል ፕሮቲኖችን እርስ በርስ አጥብቆ ስለሚያስር ቅርጽን በሚገባ ይጠብቃል፤ ዲስትሮፊንን ለይቶ የሚይዘውና ወርቁ በእርሱ በኩል የሚያያዝበት ፀረ እንግዳ አካል የሚያርፍበትን ቦታ ግን ይዘጋበታል። የትእዛዝ ቅጹ የናሙናውን መጠን እንጂ ምን እንደምንፈልግ አይጠይቅም፤ እኛም ቀድመን አለማማከራችን ጥፋት ነው።

ለሁለተኛው ዙር ለስለስ ያለ ማቆያ የሆነውን 4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ከእጅግ ጥቂት ግሉታራልዲሃይድ ጋር ተጠቀምን፤ ሽፋኑን አጥቁሮ የሚያሳየው ኦስሚየም የተባለው ኬሚካልም እንዲቀር ተስማማን። የመጋቢትን ሙቀት ፈርተን በረዶ ብንጨምርም፣ ናሙናው ራሱ በረዶ ከሆነ ሽፋኑ ስለሚበጣጠስ ብልቃጦቹን በጋዜጣ ደራርበን ጠቀለልናቸው። በዚህ ጊዜ 10 ናኖ ሜትር የሆኑት የወርቅ ቅንጣቶች፣ ማለትም ጥቋቁር ነጥቦች፣ በሽፋኑ የውስጥ ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት እያሉ፣ አልፎ አልፎም ባዶ ቦታ እየተዉ ተሰልፈው ታዩ። ሽፋኑ ከመጀመሪያው ይልቅ ደብዘዝ ቢልም ዋጋው ይህ ነው።

የማልስማማው አብሮ በመጣው ዘገባ ነው፤ ነጥቦቹን የፕሮቲኑ ትክክለኛ መገኛ አድርጎ ያቀርባል። በፕሮቲኑና በወርቁ መካከል ሁለት ፀረ እንግዳ አካላት (የመጀመሪያው ፕሮቲኑን የሚይዝ፣ ሁለተኛው ወርቁን ተሸክሞ የመጀመሪያውን የሚይዝ) ስላሉ ነጥቡ ከፕሮቲኑ 20 ናኖ ሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል፤ ሽፋኑ ራሱ ግን ውፍረቱ ከ10 ናኖ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ አንድን ነጥብ ለብቻው ይዞ መከራከር አይቻልም፤ ብዙ ነጥቦችን መቁጠር ያስፈልጋል።

የአገልግሎቱ ሠራተኞች ለጥያቄ ፈጥነው ይመልሳሉ፤ ያልተነካካውን የምስል ፋይልም ከነመለኪያ መስመሩ ይልካሉ። የውጭ ምንዛሬው ጣጣ ከምስሉ ሥራ በላይ ጊዜ ወስዶብናል፤ ይህ ግን የእነርሱ ጥፋት አይደለም። የመጀመሪያው ፀረ እንግዳ አካል ያልተጨመረበትን የማነጻጸሪያ ቁራጭ የላኩልን ግን ጠይቀን፣ ያውም ለብቻው አስከፍለውን ነው። ያለዚያ ቁራጭ ወርቁ በዘፈቀደ ተጣብቆ እንደሆነ መለየት ስለማይቻል፣ ሦስተኛውን ናሙና የምንልከው በመነሻ ዋጋው ውስጥ ሲያካትቱት ነው።